ዝም ካለች እሺ ብላለች

ረጀብ 4

ለውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? ባልሽ ጋሼስ? ሐኪሞቹ ቀን ቆረጡለት ወይስ አሁንም «ነገ ና» እያሉ ያመላልሱታል? ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ፤ ቶሎ ሳልመልስ በመቅረቴ ይቅር በይኝ። ስልኩን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ባለፈው ስትደውዪ «ሃሎ» ለማለት ስታገል አንቺ «መስመሩ ተበላሸ» ብለሽ ዘጋሽው። የተበላሸው መስመር እኔ ነበርኩ።

ስለማስተምረው የቁርኣን ትምህርት ጠይቀሽኛል። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። ከመስጊዱ ጀርባ አሮጌ ሰሌን ይከማችባት የነበረችው ክፍል ዛሬ ለሴቶቹ ጠባብ ሆናለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ትመጣለች። ሐኪም ቤት የምታጸዳዋም ከሥራ ስትወጣ እግረ መንገዷን ጎራ ትላለች። የኢማሙ እናት እንኳ በዚህ ዕድሜያቸው ፊደል ጀምረዋል። «መልአኩ ቀብር ውስጥ ሲጠይቀኝ፣ ቆይ ልጄን ልጥራ ልበለው?» ይላሉ። ቁርኣን ስቀራ ምላሴ እንደማይያዝ ታውቂ የለ፤ እንደ ውሃ ነው የሚፈስልኝ። ቀርቼ ጨርሼ «እስከ ነገ» ልበል ስል ግን ያው ተብታባዋ እኔው ነኝ። ሴቶቹ ለምደውኛል። ቃሌን ከአፌ አይቀሙኝም፤ እስኪወጣልኝ ይጠብቁኛል።

አጎቴ ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበታል። ከታች ካለው ወርክሾፑ የመላጊያው ድምፅ ፈጅር እንደተሰገደ ይጀምራል። ሰፊ የባልና ሚስት አልጋ እየሠራ ነው። ራስጌውን በእጁ ነው የሚቀርጸው፤ ለደንበኛ እንዲህ ሲጠበብ አይቼው አላውቅም። ማን እንዳዘዘው ብጠይቀው «ሰው» አለኝና ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣ። ሚስቱም ሰሞኑን ወጥ ቤት አታስገባኝም፤ «እጅሽ ይሻክራል» ትለኛለች።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። ዱዓሽ አይለየኝ።

የእህትሽ ልጅ


ረጀብ 11

ወፌ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጋሼ ሆስፒታል ገብቷል። ቀዶ ሕክምናው በሚቀጥለው ሳምንት ነው ይላሉ። «ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ሆዴን ሊከፍት ነው» እያለ ነርሶቹን ያስቃቸዋል፤ ዞር ስል ግን ጣሪያውን ሲያይ አገኘዋለሁ። ይህን የምጽፍልሽ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው።

አሁን ወደ ሌላው አልጋ እንምጣ። ያ አልጋ የማን ነው? «ሌላ አዲስ ነገር የለም» የምትለዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። እናትሽም፣ አላህ ይዘንላት፣ ነገር ስትደብቅ ስለ ሰው ሁሉ ጤና ጽፋ ጽፋ በዚህችው ቃል ነበር የምትዘጋው። አናጢ ለማያውቀው ደንበኛ ራስጌ ሲጠበብ አይውልም። ከወጥ ቤት የምትከለከል ልጅም ልትሰጥ የተዘጋጀች ልጅ ናት። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ አንቺም ሕፃን አይደለሽም።

ማን ነው? ጠየቁሽ? ከጠየቁሽስ ምን አልሽ? ጋሼን ትቼ መምጣት አልችልም፤ ስለዚህ ሳትቆጥቢ ጻፊልኝ። ከኔ የተደበቀ ነገር ላይ ደግሞ ዱዓም ማድረግ አይሆንልኝም።

አክስትሽ


ረጀብ 19

አክስቴ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለ ጋሼ አንብቤ አለቀስኩ። በዚህ ላይ ሌላ ጭንቅ አልጨምርብሽም ብዬ ነበር የደበቅኩሽ። አፉ በይኝ።

ጠይቆኛል። ከምሳ በኋላ ወርክሾፕ ጠራኝና አንዱን ወንበር በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጠኝ። «አባትሽ፣ አላህ ይዘንለት፣ አደራ ብሎኝ ነው የሄደው» አለ። «ጣውላ የሚያመጡልን ሐጂ ሚስታቸው ሞታባቸው ብቻቸውን ናቸው። ሶላታቸውን የሚጠብቁ፣ አንደበታቸው የተቆጠበ ሰው ናቸው። አንቺን ጠይቀዋል። ምን ትያለሽ?»

አፌን ከፈትኩ። ያቺ «አ» የምትለዋ ፊደል ጉሮሮዬ ላይ ተጋድማ ቀረች። አንገቴ ተገተረ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። አጎቴ ምን ጊዜም እንደሚያደርገው ፊቱን አዞረ። ምላሴ ሲያዝ እንዳላፍር ብሎ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ደግነቱ ነው። ሲመለስ አፌ ተዘግቶ አገኘው። «ዝም ካለች እሺ ብላለች፤ ሸሪዓውም የሚለው ይህንኑ ነው» ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር አክስቴ። ደስ ብሎት።

በማግስቱ «አልፈልግም» ብዬ ጽፌ ሰጠሁት። አነበበና ሳቀ። «ሁሉም ሴት መጀመሪያ እንዲህ ትላለች» ብሎ ወረቀቱን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከምስማሩ ጋር ጨመረው። ሚስቱ ደግሞ «እስቲ ይህን ዕድል አስቢው፤ ባል ዝምተኛ ሴት ፈልጎ አገር ለአገር ይዞራል፤ አንቺ ተፈጥሮሽ ነው» አለችኝ። መቀለዷም አይደለም።

ይግረምሽና «እሺ» የምትለዋ ቃል ምንም ሳትደናቀፍ ትወጣልኛለች። እምቢታው ነው የማይወጣው። ምላሴ ራሷ ከአጎቴ ጋር አድማለች።

በአውቶቡስ ሾፌር እጅ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ላይ ለጠየቅሽኝ መልሱ፣ የለም ነው። በልቤ ያለ ሌላ ሰው የለም። ሐጂውንም ክፉ ናቸው ማለት አልችልም። አንድ ቀን ጣውላ ሲያስራግፉ አይቻቸዋለሁ፤ ሠራተኛውን ስንጥር እጁን ሲወጋው ራሳቸው ነቀሉለት። ማግባትም አልጠላሁም። ግን እሳቸው ከአባቴ ይበልጣሉ፤ እኔ ደግሞ ገና ቀና ማለቴ ነው። ትምህርቱም ሊዘጋ ነው። «ባለትዳር ሴት መስጊድ ጓሮ አትውልም፤ ለሐጂ ቃል ገብቻለሁ» ብሏል አጎቴ። ሴቶቹን ምን እላቸዋለሁ? ማለቱስ ቢቀናኝ።

ምን ላድርግ?

የእህትሽ ልጅ


ረጀብ 26

ወፌ፣

የጋሼ ቀዶ ሕክምና ተራዘመ። ደሙ አንሷል አሉ። እሱ ይቆየን።

ትናንት አጎትሽ ጋ ደወልኩ። ሰላምታው ላይ አልተጣላንም። ከዚያ «ልጅቷ አትፈልግም» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ።»

«ለኔ ዝም አለችኝ እኮ!»

«ዝም አላለችም፤ ተይዛ ነው።»

«አንቺ የእናቷ እህት ነሽ። የአባቷ ወንድም፣ የምድራትም ወልይዋ እኔ ነኝ» አለ። እውነት ነው፤ በኒካህ ውሉ ላይ የኔ ቃል ቦታ የለውም። «ወልይ ከሆንክማ ጠብቃት» ስለው ድምፁ ተለወጠ። «እኔ ስሞት ማን ይጠብቃታል? ሱቅ ገብታ የምትፈልገውን ጠርታ መግዛት የማትችል ልጅ! እኔ ወንድ ልጅ የለኝም፤ ሚስቴ በሽተኛ ናት። አንቺ ከሩቅ ሆነሽ ታስተምሪናለሽ፤ በትኩሳት ስትቃጠል ታቅፌያት ያደርኩት እኔ ነኝ።» ሰውየው አይጠላሽም ወፌ። ቢጠላሽ ይቀለን ነበር።

አሁን ስሚኝ፤ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን ነው የምነግርሽ። ዝምታ እንደ ፈቃድ የተቆጠረው ለዓይናፋሯ ተብሎ ነው፤ ልቧ እሺ እያለ አፏ ላፈረባት። የማትፈልገውን አፍ ለማሸግ አይደለም። በነቢያችን ዘመን አባቷ ያለ ፈቃዷ የዳራት ሴት አቤት ብላ ምርጫው የራሷ ነው ተብሎላታል። መናገር ያልቻለ ሰው ደግሞ ምልክቱ ንግግሩ ነው። ይህን የማያውቅ ቃዲ ቃዲ አይደለም። አያትሽ እኔንና እናትሽን ሲድሩ «ዝምታችሁን አልፈልግም፤ ድምፃችሁን ልስማ» ብለው በር ላይ ቆሙ። እናትሽ ምን ብትል ጥሩ ነው? «መጀመሪያ ልጁን በመስኮት ልየው።» አይታውም ነው እሺ ያለችው፤ አባትሽን።

ወደ ኢማሙ ሂጂ። ብቻሽን እንዳትሄጂ። ያንን ቃልም ተለማመጂው። «አልፈልግም» ከረዘመብሽ «አይ» ይበቃል። ለመስታወት በይው፣ ለግድግዳ በይው።

አክስትሽ


ሻዕባን 1

አክስቴ፣

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ልብስ ሰፊዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

እንዳልሽው አደረግሁ። እሷና የኢማሙ እናት ይዘውኝ ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከአፍ እስከ ገደፉ ዘረገፈችው። ኢማሙ ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ አንቺስ?» አሉኝ። ራሴን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «ያለ ፈቃዷ አይታሰርም፤ አጎቷን እኔ አነጋግራለሁ» አሉ። በደስታ የኢማሙን እናት እጅ ሳምኩ። መቸኮሌ ነበር።

አጎቴ ከመስጊድ ሲመለስ ፊቱ ከል መስሏል። «በጀመዓው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ። «ያሳደግኩሽ ሰው ጨካኝ ሆኜ ተከሰስኩ።» ልመልስለት ስል እንደ ድሮው ፊቱን አዞረ፤ በዚያው ወጣ። ማታ ሚስቱ መጥታ ነገረችኝ፤ የኒካሁ ቀን ወደዚህ ሳምንት ዐርብ መጥቷል። ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እዚሁ ቤት። የሚያስሩትም ከሌላ ሰፈር የሚመጡ ቃዲ ናቸው። የክፍላችንንም ቁልፍ ወስዶብኛል። ሴቶቹ ዛሬ መጥተው በሩ ላይ ቆመው ተመለሱ።

ልብስ ሰፊዋ «ቤቴ አለልሽ፤ ዐርብ ጠዋት ውጪ» ትለኛለች። አልወጣም። እኔ ብጠፋ ነገ «ሴት ቁርኣን ተማረችና ኮበለለች» ነው የሚባለው። ክፍሏ ለዘላለም ትዘጋለች፤ የኢማሙ እናትም ያለ ፊደል ይሞታሉ።

«አይ»ን እየተለማመድኩ ነው። ለመስታወት ስለው ይወጣል። ሰው ሲገባ ይጠፋል።

ይህ ሲደርስሽ ነገሩ አልቋል። እንዴት እንዳለቀ እኔም አላውቅም። እኔን ብለሽ ጋሼን ጥለሽ እንዳትመጪ፤ ብትመጪም አትደርሺም።

የእህትሽ ልጅ


ሻዕባን 8

ወፌ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ እጄ ገባ። ዐርብ አልፏል።

ስልኩን ደውዬ ደውዬ ጣቴ ዛለ፤ የሚያነሣ የለም። ለማን ቤት እንደምጽፍልሽ እንኳ አላውቅም። በአጎትሽ አድራሻ ልላክልሽ ወይስ በባልሽ? ይህን ቃል ስጽፍ እጄ ቆመ። ለልብስ ሰፊዋ ብዬ ልኬዋለሁ፤ የትም ሁኚ ታገኝሻለች።

ጋሼ ሆዱ ተከፍቶ ተዘጋ፤ ነገር ግን ትኩሳት ተነሥቶበታል። «ሂጂ፣ ልጅቷ ጋ ሂጂ» ይለኛል። ልብሴን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ፤ ትኩሳቱ ሲጨምር አወጣሁት። እንዲህ እያደረግሁ ነው የሰነበትኩት። ተማሪዎቼ ትናንት ስለ ጋብቻ ሲጠይቁኝ ትምህርቱን አቋርጬ ወጣሁ። ይኸው፣ የሴትን መብት ከጠዋት እስከ ማታ አስተምራለሁ፤ ለእህቴ ልጅ ግን ከወረቀት በቀር የላክሁላት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልበልሽ። «አይ» ካልወጣልሽ፣ ሳትናገሪ ቀርተሽ ሙሽራ ሆነሽ ከሆነ፣ አልቆጣሽም። አጥፍተሻልም አልልሽም። ያኔም ልጄ ነሽ። ግን ጻፊልኝ። ክፉም ይሁን ደግ፣ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ሻዕባን 13

ውድ አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። በጭንቅ ስላቆየሁሽ አፉ በይኝ። እስከ ትናንት ድረስ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊዋ አመጣችልኝ፤ ያደረሰችልኝም እዚሁ አጎቴ ቤት ነው። አላገባሁም።

እንዲህ ነው የሆነው። ሴቶቹ ከኔ ጋር በውስጠኛው ክፍል፣ ወንዶቹ ሳሎን ነበሩ። ሁለቱ ምስክሮች በር ላይ መጡ፤ አንደኛው የአጎቴ የሥራ ባልደረባ፣ ሌላኛው የማላውቀው ባለ መነጽር። «ልጃችን፣ አጎትሽ ለሐጂ እንዲድርሽ ፈቅደሻል ወይ?» አለ ባለ መነጽሩ። ያ ሁሉ ሴት ወደኔ ዞረ። «አይ» ደረቴ ውስጥ ነበር። ጥርሴ ድረስ መጣ። ከዚያ አላልፍ አለኝ። የአጎቴ ሚስት «አፍራ ነው፣ ልጅ ናት» አለች። ልብስ ሰፊዋ «ኧረ አትፈልግም!» ብላ ብድግ ስትል «አንቺን ማን ዳረሽና ነው የምትመልሺው?» ብለው ጮኹባት። ባለ መነጽሩም «ዝም አለች። ይበቃል፤ አላህ ይባርከው» ብሎ ሄደ።

ይበቃል ሲል ሰማሁ፤ ከዚያ ራሴን ያገኘሁት ቆሜ ነው። ሻርፔን አስተካከልኩ። በኮሪደሩ የወንዶቹን ጫማ እየተሻገርኩ ሳሎን ገባሁ። አጎቴና ሐጂው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ቃዲው ነጭ ጨርቅ ከላይ ጣል አድርገው ኒካሁን ሊያስሩ ኹጥባውን ማሰማት ጀምረዋል። አንዱ «ሴት ልጅ ወንዶች መሃል ምን ልትሠራ!» አለ። እኔ አጎቴ አጠገብ ተንበረከክሁና ጨርቁን ገለጥኩ። የአጎቴን አንጓ በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩ። የአናጢ እጅ ነው፤ ከባድ ነው፤ አልላቀቅ አለ። ደግሜ ሳብኩት። ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። አፌ ተከፍቷል፣ አንገቴ ተገትሯል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ቃል ግን የለም። እንዲህ ሆኜ አይቶኝ አያውቅም ነበር። አሁን ፊቱን አላዞረም። እጁ ሲላላ ተሰማኝ።

ቃዲው መጽሐፋቸውን ዘጉ። «ልጄ፣ ይህን ጋብቻ ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ራሴን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። «ደግመሽ አሳዪኝ፤ ምስክሮቹም ይዩ።» ደግሜ ነቀነቅሁ። «ይህች ዝም አላለችም» አሉ። «እኔ ይህን አላስርም።»

ሐጂው ተነሡ። ተቆጡ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ፈቅዳለች ብለኸኝ ነበር» አሉት አጎቴን፤ ድምፃቸው አልጮኸም። «እኔ ለቤቴ ሰው ፈለግሁ እንጂ የሰው ልጅ እያለቀሰች እንድትገባልኝ አልጠየቅሁም።» ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ላይ «ትምህርቷንም በርስዎ ስም ነው ያስጣሏት!» ስትላቸው ለኔ «ትምህርትሽን ተዪ ያልኩሽም እኔ አይደለሁም፤ እኔ ስለሱ የሰማሁትም ነገር የለ» አሉኝና ጫማቸውን ፈልገው ወጡ። ሌላውም አንድ ባንድ ተከተላቸው።

ያለቀልኝ እንዳይመስልሽ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ሚስቱ «የቤታችንን ስም ገበያ አወጣሽው» ትለኛለች። ስልኩንም ከሰው ወሬ ሽሽት ነቅላው ነበር፤ ለዚህ ነው ያላገኘሽን። ሦስት አባቶች ልጆቻቸውን ከትምህርቱ አስወጡ። የመስጊዱ ኮሚቴም ተሰብስቦ «ሴቶቹ በወንዶች ግቢ አይመላለሱ፤ የራሳቸው መግቢያ ከሌላቸው ክፍሉ እንደተዘጋ ይቅር» አለ። ኢማሙ ተከራክረው አቃታቸው። እናታቸው ግን ሰሌናቸውን ይዘው መጥተው የተቆለፈው በር ላይ ተቀመጡ፤ «እስኪከፈት እዚሁ ነኝ፤ ብሞትም ከዚሁ አንሡኝ» አሉ። ሶላት የሚገባው ሁሉ እሳቸውን ዞሮ ነበር የሚያልፈው።

ትናንት ጠዋት ወርክሾፕ ወረድኩ። አጎቴ ሳንቃ እየላገ ነበር፤ ቀና አላለም። ከፊቱ ቆምኩ። ቆይቶ «ምን ልሁንልሽ?» አለ፤ በቁጣም በድካምም። «በ…በ…» አልኩ። መላጊያውን አስቀመጠ። «በ…በር» አልኩት። «ለ…ለክፍላችን። በ…በመንገዱ በኩል።»

ያባርረኛል ብዬ ነበር። ሚስቱ ከላይ ስትጠራው አልመለሰላትም። ግድግዳው ጡብ መሆኑንና አለመሆኑን ጠየቀኝ፤ ኮሚቴው ፈቅዶ እንደሆን ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ራሴን በመነቅነቅ መለስኩለት። ከዚያ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና አንድ ቁራጭ ጣውላ ሳበ።

«ወደ ውስጥ ይከፈት ወደ ውጭ?» አለኝ።

ይህን ራስ በመነቅነቅ መመለስ አይቻልም አክስቴ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ እንደ ልማዱ ተያዘ። እሱም እርሳሱን ጣውላው ላይ እንዳሳረፈ፣ ዓይኑን ከዓይኔ ሳያነሣ፣ እስክጨርስ ቆመ።

የእህትሽ ልጅ